ተተኪ ያልተሾመለት ቋንቋ፦ የፓይተን የአስተዳደር ሰነድ እንዴት ታቅዶ ተጻፈ

ጁላይ 12 ቀን 2018 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጊዶ ቫን ሮሰም ፓይተን ለተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ዋና አበልጻጊዎች፣ ማለትም በቋንቋው ኮድ ላይ ለውጥ የማስገባት ሥልጣን ላላቸው ሰዎች፣ አንድ ደብዳቤ ላኩ። ርእሱ ስለ ሥልጣን ርክክብ ይናገራል፤ ሥልጣኑን የሚረከብ ሰው ግን በውስጡ የለም። ጊዶ በ1989 መጨረሻ አምስተርዳም በሚገኝ የሒሳብና የኮምፒውተር ሳይንስ ምርምር ተቋም ሆነው ቋንቋውን መጻፍ ከጀመሩበት ጊዜ አንስቶ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነበር። ማኅበረሰቡም በቀልድ በጀመረ አጠራር «ደግ የዕድሜ ልክ አምባገነን» ይላቸው ነበር። አሁን ግን ከዚህ በኋላ ውሳኔ እንደማይሰጡ፣ ተተኪም እንደማይሾሙ ጻፉ። ዴሞክራሲ ይሁን ሥርዓተ አልበኝነት፣ አምባገነንነት ይሁን ፌዴሬሽን፣ ምርጫውን ለአበልጻጊዎቹ ተዉት።

ምክንያቱ ላይ ላዩን ሲታይ ትንሽ ነው። በፓይተን ላይ ለውጥ የሚፈልግ ሰው ሐሳቡን ከነምክንያቱ ጽፎ ያቀርባል፤ ይህ ባለ ቁጥር ሰነድ ፔፕ ይባላል፤ አሠራሩም ከ2000 ጀምሮ አለ። ፔፕ 572 በአንድ አገላለጽ መካከል ለተለዋዋጭ ዋጋ መስጠት የሚያስችል «:=» የተባለ ምልክት ወደ ቋንቋው ለማስገባት የቀረበ ሐሳብ ነበር። ለወራት መራራ ክርክር ተካሄደበት። ጊዶ አጸደቁት፤ ነገር ግን ለአንድ ሰነድ ይህን ያህል መታገልና በመጨረሻም ብዙ ሰው ውሳኔያቸውን ሲጠላው ማየት እንዳንገፈገፋቸው አልደበቁም። ምልክቱ በኦክቶበር 2019 ከወጣው ፓይተን 3.8 ጋር ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ ላይ ሆኖ ለሚያየው ጠቡ ከነገሩ የገዘፈ ይመስላል።

አንድ የክፍት ምንጭ (ኮዱን ማንም አይቶ ሊያሻሽለው የሚችል) ሶፍትዌር ማኅበረሰብ የአበርካቾችና የአስተዳደር ሰነዶቹን እንዴት ያቅድ የሚል ጥያቄ ሲነሳ፣ ከዚያ ደብዳቤ በኋላ በነበሩት ሰባት ወራት ገደማ የተሠራው ሥራ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ ግልጹ ነው። ምን እንደቆመና ምን እንዳልቆመ ለይቶ ማየት ይቻላል፤ የእያንዳንዱ እርምጃ ሰነድም ከነቁጥሩ ተቀምጧል።

ያልቆመው ሥራ

ጊዶ ስለ ዕለት ተዕለቱ ሥራ እንደማይጨነቁ በደብዳቤያቸው ገልጸዋል። ስሕተት ይመዘገባል፣ ኮድ ይገመገማል፣ ለውጥ ይገባል፤ ይህ ሁሉ ያለ እሳቸው የሚሄድ ነበር። ያሳሰቧቸው ሁለት ጉዳዮች ነበሩ፦ ፔፖችን ከእንግዲህ ማን ይወስናል? አዲስ ዋና አበልጻጊስ በምን መንገድ ይገባል?

ሁለቱ ጉዳዮች ተለይተው የወጡት በአጋጣሚ አይደለም። ማኅበረሰቡ ለሥራው ክፍል ለዓመታት ሰነድ ሲያጠራቅም ኖሯል። የአበልጻጊዎች መመሪያው አዲሱን ሰው ከምንጭ ኮዱ ይጀምርለታል፤ እንዴት እንደሚገነባው፣ ፈተናዎቹን እንዴት እንደሚያስኬድ፣ ለውጡን እንዴት እንደሚያቀርብ፣ ስለ የትኛው ሞጁል ማንን እንደሚጠይቅ ሳይቀር ይነግረዋል። ፔፕ 101 ደግሞ አዲስ ዕትም የሚያወጣ ሰው ምን ከምን አስቀድሞ እንደሚሠራ በተራ የሚዘረዝር ሰነድ ነው። ለማንበብ አሰልቺ ነው፤ በዕትም ዋዜማ ሌሊት ለሚሠራ ሰው ግን ከእሱ የሚሻል ወዳጅ የለም። በፌብሩዋሪ 2017 ምንጭ ኮዱ ሜርኩሪያል ከተባለው የኮድ ማስተዳደሪያ ጊትሃብ ወደተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ሲዛወር የሥራው መንገድ እንደገና መጻፍ ስለነበረበት፣ ደብዳቤው ሲመጣ መመሪያው ገና ትኩስ ነበር።

ውጤቱ በቀን መቁጠሪያው ላይ ይታያል። ፓይተን 3.7.1 በኦክቶበር 20፣ ፓይተን 3.7.2 በዲሴምበር 24 ቀን 2018 ወጡ። የመጨረሻውን ቃል የሚናገር ሰው ባልነበረበት ጊዜ ማለት ነው።

ያልተጻፈው ክፍል ወሳኙ አካል ነበር። ፔፕ 1 ሐሳብ እንዴት እንደሚቀርብ፣ እንዴት እንደሚታረም፣ በየደረጃው ምን ስም እንደሚሰጠው በጥንቃቄ ያስረዳና ውሳኔው ላይ ሲደርስ ወደ ጊዶ ወይም ጊዶ ወደወከሉት ሰው ይመራ ነበር። እሳቸው ከሌሉ የሚቀጥል መስመር አልነበረውም። ጥያቄው አዲስ አልነበረም፤ ገና በ1994 ጊዶን አውቶቡስ ቢገጫቸው ፓይተን ምን ይሆናል ብሎ በአደባባይ የጠየቀ ሰው ነበር። መልሱ ሃያ አራት ዓመት ሳይጻፍ ቆየ፤ ጊዶም በስንብታቸው ያንኑ አውቶቡስ አነሱት። የእድር ጸሐፊ ሆኖ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይገርመውም፦ ሁሉም የሚያከብረው ሰብሳቢ ባለበት እድር ውስጥ «ደንቡን በጽሑፍ እናድርገው» የሚል ሰው ነገር ፈላጊ ይመስላል።

መጀመሪያ የአመራረጡ ደንብ

በእኔ ግምት የዚህ ጉዳይ ትልቁ ብልሃት የሰነዶቹ ቅደም ተከተል ነው። አበልጻጊዎቹ ወዲያው «ማን ይምራን» ወደሚል ጽሑፍ አልሮጡም። ለአስተዳደሩ ጉዳይ ከ8000 የሚጀምር የቁጥር መደብ ለይተው አስቀመጡ። ፔፕ 8000 የሥራው ካርታ ሆነ፤ የትኛው ሰነድ ስለ ምን እንደሆነ ከማመልከት ያለፈ ሥራ የለውም። ፔፕ 8001 ምርጫው እንዴት እንደሚካሄድ፣ ፔፕ 8002 ደግሞ ሌሎች ማኅበረሰቦች ራሳቸውን እንዴት እንደሚያስተዳድሩ እንዲይዙ ተደረገ። የአስተዳደር ረቂቆቹ ራሳቸው ከ8010 ጀምሮ እንዲቆጠሩ ተወሰነ። ቁጥር መመደብ ተራ የጽሕፈት ቤት ሥራ ይመስላል፤ ግን ረቂቅ ያለው ሰው ሁሉ የት ጋ እንደሚያስቀምጠው አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ የምርጫው ደንብም ከየትኛውም ረቂቅ ጋር ሳይጣበቅ ለብቻው ተከራከሩበት።

ፔፕ 8002 በጥሞና ሊነበብ የሚገባው ሰነድ ነው። ረስት፣ ኦፕንስታክ፣ ጁፒተር፣ ታይፕስክሪፕት፣ አስትሮፓይና ጃንጎ የተባሉትን የሶፍትዌር ማኅበረሰቦች ተመልክቷል። ለእያንዳንዳቸው ያቀረበው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ ቁልፍ ሰዎቹ እነማን ናቸው፤ የተለመደው ውሳኔ እንዴት ይሰጣል፤ አከራካሪው ውሳኔስ እንዴት ይሰጣል፤ ዕትምና አዲስ ነገር እንዴት ይታቀዳል፤ አሠራሩ ከጊዜ ጋር እንዴት ተለወጠ። ተራውንና አከራካሪውን ውሳኔ ለያይቶ መጠየቁ ግሩም ነው። ብዙ የአስተዳደር ሰነድ የሚጻፈው ሁሉም ሰው ስለሚስማማበት ቀን ነው፤ ሰነዱ የሚያስፈልገው ግን በሌላኛው ቀን ነው።

ፔፕ 8001 ላይ ጠንከር ያለ ክርክር ነበር። መጀመሪያ የታሰበው የድምፅ አሰጣጥ ስልት ዝቅተኛ ድምፅ ያገኘውን ረቂቅ በየዙሩ እያስወጡ የሚሄዱበት ነበር። ኋላ ግን በኮንዶርሴ ስልት ተተካ። ምክንያቱ ለዚህ ጉዳይ ተስማሚ ነበር፤ ሰባት ረቂቆች ቀርበው ነበር፤ አንዳንዶቹ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። አንድ ሰው አንድ ድምፅ ቢባል ተመሳሳዮቹ ድምፅ ተሻምተው ብዙ ሰው የማይወደው ሊያሸንፍ ይችላል። በኮንዶርሴ ስልት መራጩ ሁሉንም በደረጃ ያስቀምጣል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ረቂቅ ከእያንዳንዱ ጋር ሁለት ለሁለት ይነጻጸራል፤ ሌሎቹን ሁሉ አንድ በአንድ የሚረታ ካለ አሸናፊው እሱ ነው። በድምፅ መስጫው ላይ ከረቂቆቹ በተጨማሪ «ውይይቱ ይቀጥል» የሚል ስምንተኛ አማራጭ ገባ። ሁሉንም የጠላ ሰው ሳይመርጥ ከመቅረት ይልቅ መጥላቱን በደረጃ የሚያስቀምጥበት ቦታ አገኘ።

ማን ይምረጥ የሚለውም ተጽፏል። ሁሉም ዋና አበልጻጊዎች ተጋበዙ፤ ሥራ ያቆሙና ለመመለስ የማያስቡ ግን በገዛ ፈቃዳቸው እንዲታቀቡ ተጠየቁ። ማንም ዝርዝር ይዞ እየሰረዘ አልዞረም፤ ነገሩ ለኅሊና ተተወ። ቀኖቹም ተቆርጠዋል፦ ከኖቬምበር 16 እስከ 30 ረቂቆቹ የሚነበቡበት ጊዜ ሆኖ ጸሐፊዎቹ መሠረታዊ ለውጥ እንዳያደርጉ ተመከሩ፤ ከዲሴምበር 1 እስከ 16 ድምፅ ተሰጠ። መራጩ አንብቦ ደረጃ የሰጠው ጽሑፍ እጁ ላይ እንዳይለወጥበት የሁለት ሳምንት ጸጥታ መስጠት ቀላል ሐሳብ ነው፤ በቸኮለ ማኅበረሰብ ግን መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው።

ስለ ረቂቆቹ ብዙ አልልም። ፔፕ 8010 አንድ ቴክኒካዊ መሪ እንዲቀጥል ይፈልጋል፤ ለመሪው ያወጣው የማዕረግ ስም ሲያጥር «ጊዶ» የሚል መሆኑ ጸሐፊው ቀልድ እንዳልጠፋበት ይመሰክራል። ፔፕ 8011 ሥልጣኑን ለሦስት ሰዎች ይሰጣል። ፔፕ 8012 ማእከላዊ መሪ ሳይኖር ማኅበረሰቡ እንዲወስን ያስባል፤ ፔፕ 8013 ከዋና አበልጻጊዎቹ ውጪ ያሉ ሰዎች የሚቀመጡበት ምክር ቤት ያቀርባል። የቀሩትም በመካከል ያሉ ናቸው። ያሸነፈው ሌሎቹን ሁሉ ሁለት ለሁለት የረታው ፔፕ 8016 ነው።

አሰልቺ እንዲሆን ታስቦ የተጻፈ ደንብ

የፔፕ 8016 ጸሐፊዎች ናትናኤል ስሚዝና ዶናልድ ስተፍት ዓላማቸውን ሲዘረዝሩ መጀመሪያ ያስቀመጡት አሰልቺነትን ነው። እኛ የአስተዳደር ሊቃውንት አይደለንም፣ ፓይተንም አዲስና ያልተሞከረ የአስተዳደር ዓይነት የሚፈተሽበት ቦታ አይደለም የሚል ሐሳብ ይዘው፣ ዝርዝሩን በቀጥታ ከጃንጎ የአስተዳደር ሰነድ ወሰዱ። ቀጥለው ቀላልነትን አስቀመጡ፤ ለመሥራት የሚበቃውን ያህል ብቻ ማለት ነው፦ ምክር ቤቱ፣ ምክር ቤቱን የሚመርጠው ቡድን፣ ሰነዱ ራሱ የሚለወጥበት መንገድ። ፕሮግራመር ኮድ ሲጽፍ ሌሎች ጽፈው የፈተኑት ዝግጁ የኮድ ስብስብ እያለ ከዜሮ መጀመርን እንደ ጅልነት ይቆጥራል፤ ደንብ ሲጽፍ ግን ያው ሰው የራሱን ልዩ ሕገ መንግሥት ካልፈጠርኩ ይላል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከዚህ ፈተና ያመለጡ ናቸው።

ረቂቁ ሲጸድቅ ፔፕ 13 ሆነ። አምስት አባላት ያሉት መሪ ምክር ቤት ይቋቋማል። የሥራ ዘመኑ ከዕትም ጋር የተሳሰረ ነው፤ አዲስ ዋና ዕትም በወጣ ቁጥር ምርጫ ይደረጋል። በመጀመሪያው ጽሑፍ መሠረት እያንዳንዱ መራጭ ከዜሮ እስከ አምስት ለሚደርሱ እጩዎች በምስጢር ድምፅ ይሰጣል። ለአንድ ቀጣሪ ከሚሠሩ ሰዎች በምክር ቤቱ ውስጥ ከሁለት በላይ መቀመጥ አይችሉም፤ ፓይተን ላይ የሚሠሩ ሰዎችን ብዙ ትልልቅ ኩባንያዎች ስለሚቀጥሩ ይህች መስመር ዋጋ አላት። የጥቅም ግጭት ያለበት አባል ድምፀ ተዓቅቦ ያደርጋል። ከቡድኑ ድምፅ ከሚሰጡት ሁለት ሦስተኛው እምነት ካጣ ምክር ቤቱን ማውረድ ይችላል። ደንቡን ለመለወጥም ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ምክር ቤቱ በራሱ ሥልጣን ሊነካው አይችልም።

የሰነዱን ጠባይ ይበልጥ የሚያሳየው ግን ስለ ሥልጣን የተናገረበት ክፍል ነው። ምክር ቤቱ ሰፊ ሥልጣን አለው ይላል፤ ወዲያው ቀጥሎ ሥልጣኑን በተቻለ መጠን እንዳይጠቀምበት፣ ስምምነት እንዲፈልግ፣ ለሌሎች እንዲያስተላልፍ፣ ሌላው መንገድ ሁሉ ሲዘጋ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ እንዲሆን ያዝዛል። የጊዶ ሁለተኛ ጥያቄም ተመልሷል፦ አዲስ ዋና አበልጻጊ ለመግባት ቢያንስ የሁለት ሦስተኛ ድጋፍ ይፈልጋል፤ ምክር ቤቱም የመቃወም መብት አለው። ሰውን ያለ ፈቃዱ ከቡድኑ ማስወጣት ሲመጣ ጽሑፉ ይጠነክራል፤ ከአምስቱ አራቱ መስማማት አለባቸው፤ ይህ ሥልጣን ብቻ ለማንም አይተላለፍም፤ የእምነት ማጣት ድምፅ በሂደት ላይ እያለም አይሠራበትም። ይህ የመጨረሻው ሐረግ የብዙ ማኅበራት ታሪክ ያለበት ነው፤ ሊወርድ የተቃረበ አመራር የሚቃወሙትን ቀድሞ እንዳያባርር የተዘጋ በር ነው።

ከጃንዋሪ 21 እስከ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2019 የመጀመሪያው ምርጫ ተካሄደ። ከ96 መራጮች 69ኙ ድምፅ ሰጡ። ባሪ ዋርሶ፣ ብሬት ካነን፣ ካሮል ዊሊንግ፣ ኒክ ኮግላን ተመረጡ፤ አምስተኛው ጊዶ ቫን ሮሰም ነበሩ። አምባገነንነቱን ለቀው የወጡት ሰው ከአምስት አንድ ድምፅ ይዘው ተመለሱ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ለሁለተኛው ምርጫ ታጭተው ራሳቸውን አገለሉ፤ ምክር ቤቱም ያለ እሳቸው ቀጠለ።

ሰነዱ ሲፈተን

አዲሱ ሥርዓት መሥራቱን በደንብ ያሳየው ጊዶ ራሳቸው ባለጉዳይ የሆኑበት ነው። በ2020 ከሌሎች ጋር ሆነው ስለ ቅርጽ ማዛመድ፣ ማለትም መረጃን እንደ ቅርጹ ለይቶ ስለሚያስተናግድ የአጻጻፍ ስልት፣ ፔፕ 622ን አቀረቡ። ሰነዱ ብዙ ነገር በአንድ ላይ የያዘ፣ ረጅምና ለክርክር የተጋለጠ ነበር። ከውይይቱ በኋላ ጸሐፊዎቹ ለሦስት ከፈሉት፦ ፔፕ 634 ትክክለኛውን መግለጫ ይዟል፣ ፔፕ 635 ምክንያቱን፣ ፔፕ 636 ማስተማሪያውን። ሰነድ ለሚያቅድ ሰው ይህ ክፍፍል ከአስተዳደር ወሬ ሁሉ ይበልጥ ይጠቅመዋል። ኮዱን የሚጽፈው ሰው የሚያነበው፣ ሐሳቡ ይገባል አይገባም ብሎ የሚፈርደው የሚያነበውና ነገ የሚጠቀምበት የሚያነበው አንድ ዓይነት ጽሑፍ አይደለም። ሦስቱን ሲያደባልቁ ፈራጁ በማስተማሪያ ምሳሌ ላይ ይጣላል፤ ተማሪው በክርክር ውስጥ ይጠፋል። ምክር ቤቱ በፌብሩዋሪ 2021 ሦስቱንም ተቀበለ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ከፓይተን 3.10 ጋር ወጡ። የቋንቋው አባት እንደ ማንኛውም አቅራቢ ተራቸውን ጠበቁ።

ሁለተኛው ከባድ ፈተና ፔፕ 703 ነበር። ፓይተን በአንድ ሂደት ውስጥ በአንድ ጊዜ አንድ ክር (ጎን ለጎን ሊሄድ የሚችል የሥራ መስመር) ብቻ እንዲሠራ የሚያደርገውን መቆለፊያ በአማራጭ ለማስወገድ የቀረበ ሐሳብ ነው። ይህ የቋንቋውን ውስጥ አንጀት የሚነካ ለውጥ ነው። ምክር ቤቱ በጁላይ 2023 ሊቀበለው እንዳሰበ አስቀድሞ አስታወቀ፤ በኦክቶበር ተቀበለው፤ አፈጻጸሙ በደረጃ እንዲሆንና ካልሆነ ወደ ኋላ መመለስ እንዲቻል አደረገ። በኦክቶበር 2024 በወጣው 3.13 ውስጥ ለሙከራ ገባ። ፔፕ 572 ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ አንድ ሰው ግን ብቻውን ተሸክሞት ነበር። አምስት ሰዎች ሲሸከሙት ቁጣውም ለአምስት ይከፈላል።

ያልሰመረውም አለ። በኦገስት 2024 ምክር ቤቱ የሥነ ምግባር ጉዳዮችን በሚከታተለው ቡድን ምክር አንድ አንጋፋ ዋና አበልጻጊን ለሦስት ወር አገደ። ውሳኔው ሰፊና መራራ ክርክር አስነሳ። ፔፕ 13 የሥነ ምግባር ደንቡን የማስከበር ሥልጣን በአንድ መስመር ለምክር ቤቱ ሰጥቷል፤ ለማባረር የአራት ድምፅ ግድግዳ ሠርቷል፤ በመካከላቸው ላለው ቅጣት ግን እንዴት እንደሚነገርና እንዴት እንደሚብራራ በዝርዝር አይናገርም። ቀላልነት የተመረጠበት ሰነድ ዕዳውን የሚከፍለው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። እኔ አሁንም አጭሩን ደንብ እመርጣለሁ፤ ሆኖም ቅጣትን የሚመለከተው ክፍል ከሌላው ሁሉ ይረዝም ዘንድ እፈርድ ነበር።

የአበርካቾቹ ጉዳይ የተፈታው ደግሞ በሰነድ ብቻ አይደለም። መመሪያው ለውጥን እንዴት ማቅረብ እንደሚገባ ቢያስተምርም የቀረበውን የሚገመግም ሰው ካነሰ ጥያቄው ተከማችቶ ይቀራል፤ ፓይተን ዘንድ የሆነውም ይህ ነው። ፔፕ 13 ምክር ቤቱ አስተዋጽኦ ማድረግን ቀላልና ዘላቂ እንዲያደርግ፣ ቋንቋውን ከሚደግፈው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት፣ ከፓይተን ሶፍትዌር ፋውንዴሽን፣ ጋር ያለውንም ግንኙነት መልክ እንዲያስይዝ ያዝዛል። ፋውንዴሽኑ በጁላይ 2021 ሉካሽ ላንጋን ደመወዝ የሚከፈለው የመጀመሪያው ነዋሪ አበልጻጊ አድርጎ ቀጠረ። ሥራቸው የተከማቹትን የለውጥ ጥያቄዎች መገምገምና ለበጎ ፈቃደኞቹ መንገድ መጥረግን ያካትታል። ከዚያ ወዲህ ፔትር ቪክቶሪንና ሰርሂ ስቶርቻካ በተመሳሳይ የሥራ መደብ ተጨምረዋል።